የመቅመሻው አሞሌ

ረሒማ የራሷን ቃል ከባሏ አፍ የሰማችው ሰኞ ጠዋት፣ ከጆንያው መጋረጃ ጀርባ ተንበርክካ የረጠበውን አሞሌ ጨው ከደረቀው ስትለይ ነበር። «መጀመሪያ በጥፍርህ መታ ታደርገዋለህ» ይላል ጀላሉ ከመጋረጃው ወዲያ። «እንደ ሸክላ ከጮኸ ደርቋል። ዝም ካለህ ሆዱ ውሃ አለው፤ ባለጨውን አመስግነህ ትሄዳለህ።» የሚያስተምረው ከትናንት በስቲያ ከደሴ የመጣውን ታናሽ ወንድሙን ይማምን ነው። ይማም «ወላሂ፣ አንተ እኮ ሊቅ ነህ!» አለ። ጀላሉም ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጨው ላይ ስትቀመጥ ምን መሰለህ?» ሲል መለሰለት። መቀመጡንስ ተቀምጧል። አሞሌው ላይ ጆንያ ደርቦ፣ እግሩን አነባብሮ ሻይ ሲጠጣ ያላየው የመቐለ ሰው የለም። ከዐሥራ አንዱ ዓመት ሦስቱን በጣሊያን ጊዜ የመኪና ረዳት ሆኖ በአስመራ መንገድ ላይ አሳለፈው፤ የቀረውን ስምንት ዓመት ደግሞ ያንኑ ሦስት ዓመት በሻይ ቤት እያወራ ጨረሰው። ረሒማ የቀኝ እጇን ጣት አየች። ጥፍሯ አሞሌ ሲመታ ኖሮ ከመሀሉ ተሰንጥቋል፤ እንደገና አድጎ ቢሞላ እንደገና ይሰነጠቃል። የጀላሉ ጥፍሮች ሙሉ ናቸው። የትንሿ ጣቱማ ጆሮ ለመኰርኰር ተብላ ለብቻዋ ያደገች ናት።

«ሁለተኛ፣ የተሰበረውን አትደብቅ» ቀጠለ ጀላሉ። «ከበሩ ፊት አስቀምጠው። ገበያተኛ ስብራቱን ካሳየኸው፣ ደኅናውን ሳያገላብጥ ይገዛሃል።» ይህን ረሒማ ያወቀችው በመጀመሪያው ዓመት ነው። አንዲት የቁሓ ሴት ከክምሩ ሥር ተደብቀው የነበሩትን ስብርባሪዎች አንድ በአንድ እያወጣች ለገበያው ሁሉ አሳየችባት፤ ሌባ አለቻት፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት በሱቁ ደጃፍ የቆመ ዝንብ ብቻ ነበር። ጀላሉ በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ አልነበረም። ያን ቀን ያለቀሰችው እሷ፣ ትምህርቱን ያገኘው እሱ ሆነ። መጋረጃውን ገልጣ አንድ ነገር ልትል አሰበች። ነገር ግን ይማም እንግዳ ነው፤ እንግዳ ፊት ባልን ማዋረድ ደሴ ድረስ ይሰማል። አንዱን አሞሌ በሌላው ላይ ከሚገባው ትንሽ ጠንከር አድርጋ አስቀመጠችው።

ወዲያው ጀላሉ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። አዲስ የታጠበ እጀ ጠባብ ለብሷል፤ ሽቶም ተቀብቷል። «የከተማው ሰዎች ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ» አለ በሹክሹክታ። «አንቺ ከዚህ አትውጪ። ሴት ከፊት ሆና ካዩ ሱቁ የእኔ አይመስላቸውም።»

«የሚጠይቁህን ታውቀዋለህ?» አለችው።

«ስለ ጨው ደግሞ ምን የሚጠየቅ ነገር አለ? ይጫናል፣ ይቀልጣል፣ ይጣፍጣል!» ብሎ ሳቀና ወጣ።

ረሒማ አልሳቀችም። ሱቋ ከአንድ ሰው የድንጋይ ግንብ ላይ የተለጠፈች ዳስ ናት፤ ጣሪያዋ ግማሹ የጣሊያን በርሜል ተዘርግቶ፣ ግማሹ ሣር ነው፤ ወለሏ ከመንገዱ ዝቅ ይላል። ባለፈው ሐምሌ በጠራራ ቀን የመጣ ጎርፍ በበሩ ገብቶ በጓሮ ወጣ፤ ሲወጣም የክረምቱን ጨው በሙሉ ይዞ ሄደ። ጎረቤቷ ጠላ ሻጯ ብርቄ «አንቺ፣ እንዲሁ ከሚፈስ» ብላ የጨው ውሃውን ለባቄላዋ በማድጋ ቀድታበታለች። አሁን ግንቦት ነው። ከገበያው ጫፍ ጣሊያን ጥሎት የሄደ መጋዘን አለ፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ያውም ከመሬት ሁለት ደረጃ ከፍ ያለ። ከተማው ስድስቱን ክፍል ለነጋዴዎች አድሎ አምስቱ ተይዘዋል። ስድስተኛውን ቆዳ ነጋዴው አስናቀ ይፈልገዋል፤ ጀላሉም አመልክቷል። የሐሰት ማመልከቻ ስለበዛ ክፍሉ የሚሰጠው በዚያው ሥራ ላይ ሰባት ዓመት ራሱ ለቆየ ሰው ነው፤ ይህንንም ሦስት ሰዎች እየዞሩ በዐይናቸው እያዩ ያረጋግጣሉ። ዛሬ ካልሆነ ሐምሌ መምጣቱ ነው፤ ሐምሌ ከመጣ ደግሞ ረሒማ ለብርቄ ባቄላ ጨው ስትጨምር ልትኖር ነው።

በሱቁ በር በስተቀኝ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ የመቅመሻው አሞሌ ተጋድሟል። መቐለ ላይ ሳይቀምስ ጨው የሚገዛ የለም። ረሒማ ንግድ ስትጀምር ሰዉ ከክምሩ ያሻውን እያነሣ ይልስ ነበር፤ ሰባት አሞሌ ልሶ፣ ከንፈሩን ጠርጎ፣ አንድም ሳይገዛ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የሚሄድ ሽማግሌ ነበራት። ስለዚህ ጋንፉር ከሚባለው ከትልቁ ዐይነት አንድ ደኅና መርጣ ለመላሻ ብቻ ለየችው። ይህም ሌላ ጣጣ አመጣ። አንድ ዲያቆን አንድ እስላም ግመል ነጂ ከላሰው በኋላ አልቀምስም አለ፤ በማግሥቱ አንድ የወሎ እስላም ዲያቆኑ ልሶታል ብሎ እምቢ አለ። ረሒማ አንድ ሌሊት አሰበችበትና አንዱን ጫፍ ለክርስቲያን፣ ሌላውን ጫፍ ለእስላም ደለደለች። በክርስቲያኑ ጫፍ ላይ እንደ ማተብ ጥቁር ክር አሰረችበት። ገበያው ይህን ፍርድ እጅግ ወደደው። በሥጋ ተለያይቶ የኖረ ሰው በጨውም ሲለያይ ሥርዓት የተሟላ መሰለው፤ ጨው የማይፈልጉ ሰዎች ሳይቀሩ ጫፋቸውን ሊጠይቁ መጡ። አሞሌው ይኸው አራተኛ ዓመቱ ነው፤ ከወዲህም ከወዲያም እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ክሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግን ማንም ክር አይፈልግም። ረሒማ የገዢውን አንገት ታያለች፣ አሞሌውን ዞር ታደርጋለች፣ ትክክለኛው ጫፍ ይመጣል።

ገበያው ሲሞቅ ጀላሉ መሸጥ ጀመረ። ረሒማ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና በጆሮዋ ተከታተለችው፤ ነገሩም የጥርስ ሕመም ያህል ነበር። አንዲት ሴት መጥታ «ረሒማ ኣበይ ኣላ?» ስትል ጠየቀች። ጀላሉም «ዛሬ የለችም፣ ዛሬ እኔ ነኝ» አላት። ሴትዮዋ የመጣችው ለንግድ ብቻ ስላልነበር፣ ስለ ልጇ ማግባትና ስለ ምራቷ ክፋት እስኪጠይቃት ቆማ ጠበቀች። ረሒማ ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ ምራቷን ታማላት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ስለ ዋጋ መከራከር ታፍራለች። ጀላሉ ግን ቀጥታ ዋጋ ጠራ። ሴትዮዋ በግማሽ ተከራከረች፤ እሱም ጨዋ ለመባል ብሎ ቀነሰላት፣ ከዚያም ስብርባሪ መረቀላት፣ ከዚያም አሞሌውን አንሥቶ በዚያች በተከበረች ጥፍሩ መታው። አሞሌው ዝም አለ። ጀላሉ «ይኸውልሽ፣ ደረቅ!» ብሎ ገንዘቡን ሊቀበል ከእግሩ ሥር አስቀመጠው። ሴትዮዋ የረሒማ የስምንት ዓመት ደንበኛ ናት፤ እርጥብ ጨው ይዛ ቤቷ ከገባች የሚመጣው ሰኞ ለገበያው ሁሉ ትናገራለች። ረሒማ ደረቅ አሞሌ መርጣ በመጋረጃው ሥር ገፋ አደረገችው። እጇ እስከ ክርኗ ወጣ፣ እርጥቡን አሞሌ ከጀላሉ እግር ሥር ጎተተ፣ ተመልሶ ገባ። ጀላሉ አላየም። ይማም ግን አየ። ያ እጅ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሲወጣና ሲገባ አየና ጣሪያውን መመርመር ጀመረ። ረሒማ በጆንያው ቀዳዳ ስታየው ፊቱ ቀልቷል። ወንድሙን እንዳይወቅስ፣ የወንድሙንም ሚስት እንዳያመሰግን፣ ጣሪያው ላይ ያለውን በርሜል እየቆጠረ ቆየ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሦስቱ ሰዎች መጡ። ከፊት አቶ ከፋለ የሚባሉ፣ ከሸዋ ተሹመው የመጡ የከተማው ጸሐፊ ናቸው፤ በዚያ ፀሐይ ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ እርሳስ በጆሮአቸው ሰክተው፣ ላባቸውን በማመልከቻው ወረቀት ያራግባሉ። በቀኛቸው አቦይ ወልደገሪማ፣ የገበያው ሽማግሌ፣ ዐይናቸው ስለደከመ በዘንጋቸው የሰውን እግር እየነካኩ ይሄዳሉ። በግራቸው ሐጂ አብዱልወሃብ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ባለ ወርቅ ጥርስ። ከኋላቸው ደግሞ ሥራ የፈታ ገበያተኛ በሙሉ ተከትሏቸዋል፤ ብርቄም የጠላ ጣሳዋን እንደ ያዘች መጥታለች።

«ጀላሉ የተባሉት እርስዎ ነዎት?» አሉ አቶ ከፋለ። «ይህን ሱቅ ራስዎ ነው የሚያስኬዱት?»

«በእነዚህ በሁለት እጆቼ» አለ ጀላሉ፣ ንጹሕ እጆቹን ዘርግቶ።

ብርቄ ከኋላ ሳቀች። «እጆቹንስ ዛሬ ገና ማየታችን ነው» አለች።

ጀላሉ አልሰማም መስሎ ያጠናውን ሁሉ አፈሰሰው። ስለ ጥፍር ተናገረ፣ ስለ ስብርባሪ ተናገረ፣ በክረምት አሞሌ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሊጠጣ እንደሚገባው ተናገረ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም የረሒማ ነው። አቶ ከፋለ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፋሉ፣ ሐጂ አብዱልወሃብ «ማሻ አላህ» ይላሉ። ረሒማ ከመጋረጃው ጀርባ እየተቃጠለችም ቢሆን ደስ አላት። ይስረቀኝ፣ ብቻ ክፍሉን ያምጣው አለች በሆዷ። አቶ ከፋለ የካፖርታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከተው ቁልፉን አወጡ። በዚያች ሰዓት አቦይ ወልደገሪማ ወደ መቅመሻው ድንጋይ ጎንበስ አሉ።

«እንግዲህ ከመሄዴ በፊት ጉሮሮዬን ላርስ» አሉ። «ወደይ፣ ልጄ፣ ዐይኔ እንደ ድሮው አይደለም። የእኛ ጫፍ የትኛው ነው?»

ጀላሉ አሞሌውን አየ። ቀኙ ጎድጉዷል፤ ግራውም ጎድጉዷል። ክር የለም። ወደ መጋረጃው ዐይኑን ጣል አደረገ፣ ወንድሙን አየ፣ ከዚያም እንደ ባለሱቅ ፈገግ ብሎ «አቦይ፣ ጨው እኮ ጨው ነው» አለ። «ሁለቱም ያው ነው። ደስ ባለዎት በኩል ይላሱ።»

ከሴቶቹ በአንዷ ብብት ሥር ያለች ዶሮ ብቻ አንድ ጊዜ ተናገረች።

«ያው ነው?» አሉ ሐጂ አብዱልወሃብ። ወርቅ ጥርሳቸው ታየ፣ ግን እየሣቁ አልነበረም። «አስተግፊሩላህ! እንግዲያ እኔ አራት ዓመት የላስኩት የማንን ነው?»

«አንተስ ምን ሆንክ፣ ሐጂ?» አሉ አቦይ ወልደገሪማ። «እኔ እኮ በጾመ ፍልሰታ ሳይቀር ልሻለሁ!»

አንዲት ባለ ማተብ ሴት ለጥንቃቄ ብላ ተፋች። አንድ ግመል ነጂ እሷ ስትተፋ አይቶ እሱም ተፋ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ፣ ጨው ቀምሶ የማያውቀው ሳይቀር፣ መትፋት ጀመረ። ብርቄ «ኧረ ቀስ፣ ሱቁን ገና ሐምሌ ሳይመጣ በምራቅ ልታጥለቀልቁት ነው!» አለች። አቶ ከፋለ እርሳሳቸውን ከፍ አድርገው «ጌቶቼ፣ ጉዳዩ የመጋዘን ነው» ቢሉም የሰማቸው አልነበረም። «ይህ ሰው የራሱን አሞሌ አያውቅም» አሉ አቦይ ወልደገሪማ። አቶ ከፋለም ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ረሒማ ቁልፉ ሲገባ በጆንያው ቀዳዳ አየችው። ብትወጣ ባሏን በወንድሙ ፊት መግፈፏ ነው። ባትወጣ ክፍሉ ለአስናቀ ቆዳ ይሆናል፤ የባሰው ደግሞ ነገ ጠዋት በመቐለ ውስጥ ከእሷ ሱቅ ጨው የሚገዛ አንድም ሰው አይኖርም። ሻሿን አጥብቃ መጋረጃውን ገለጠችና ወጣች። ጀላሉን አላየችውም። ቀጥታ ወደ ድንጋዩ ሄዳ፣ የለመደች እጇን አሞሌው ላይ አሳርፋ፣ ቀስ ብላ ግማሽ ዙር አዞረችው።

«አቦይ፣ ይህ የእርስዎ ነው» አለች። «ሐጂ፣ የእርስዎ በግድግዳው በኩል ያለው። እሱ የዛሬ ሰው ነው፤ ምን ያውቃል ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?»

አቦይ ወልደገሪማ ጎንበስ ብለው ላሱ። ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩ። ገበያው ሁሉ ምላሳቸውን የሚጠብቅ ይመስል ነበር። «እወ» አሉ በመጨረሻ። «ይኸው ነው፤ የእኛው ነው። ጣዕሙን የት አጣዋለሁ፣ ጓለይ፣ ልጄ!»

ሐጂ አብዱልወሃብም በበኩላቸው ዞረው ላሱና ከንፈራቸውን በመሐረም ጠረጉ። «አልሐምዱሊላህ። የእኛው ነው። የእኛ ደግሞ ሁልጊዜም ትንሽ ይጣፍጣል።»

ከሕዝቡ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ፤ አስቀድሞ የተፋውም ሰው በመትፋቱ አፈረ። አቶ ከፋለ ረሒማን ከላይ እስከ ታች አይተው «ለመሆኑ ሱቁን የሚያስኬደው እሱ ነው ወይስ አንቺ?» ሲሉ ጠየቁ። ረሒማ መሬት አየች። ይህን እሷ ልትለው አትችልም፤ ጀላሉም አይለውም። በዚያ መሀል ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያ ሲያይ የዋለው ይማም ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እንግዳ ነኝ» አለ፣ አሁንም ጣሪያውን እያየ። «ግን ከጠዋት ጀምሮ በመጋረጃው ሥር አንድ እጅ ሲሸጥ አይቻለሁ። ጥፍሩ የተሰነጠቀ ነው።»

አቦይ ወልደገሪማ እጃቸውን ዘረጉ፤ ረሒማ ጣቷን ሰጠቻቸው። በአውራ ጣታቸው ስንጥቁን ዳሰሱትና «ጻፍ» አሏቸው ለጸሐፊው። አቶ ከፋለ ወረቀቱን አገላብጠው አዩ። «ስሟንስ እጽፋለሁ፤ የባሏን ስም ግን ከእሷ በታች የምጽፍበት ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም» አሉ። አቦይም «እንግዲያ አትጻፈው» አሉ። ቁልፉም ከኪስ ወጣ።

ዐሥር ሰዓት ገደማ ደመናው ከቁሓ በኩል ሲጠቁር ጨው የማጋዙ ሥራ ተጀመረ። አህያ ተከራዩ፤ ይማም ተሸከመ፤ ጀላሉም ተሸከመ። አዲሱ እጀ ጠባብ በትከሻው ላይ ነጭ ሆነ። ከሱቁ እስከ መጋዘኑ ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። ብርቄ ከደጃፏ ሆና «አቶ ጀላሉ፣ አሁን እኮ በሁለት እጆችህ ሆነልህ!» ስትለው ሸክሙን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ መንገዱን ቀጠለ። የመጨረሻው ጭነት የመቅመሻው አሞሌ ነበር። ጀላሉ እሱን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ አቅፎ አመጣው፤ በአዲሱ ክፍል በር አጠገብ፣ በሲሚንቶው ደረጃ ላይ አጋደመው። ይማም ለአህያው ባለቤት ኪራዩን ሊከፍል ወጣ። ክፍሉ ድንጋይ ድንጋይ ይሸታል። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ቆርቆሮውን ሲመቱ ረሒማ ቀና ብላ ሰማች፤ ወለሉን አየች፤ ደረቅ ነው።

«ወንድሜ ፊት አዋረድሽኝ» አለ ጀላሉ ተቀምጦ። «ይሁን። የሚገባኝ ነው። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ጫፎቹን በምን ነው የምትለዪያቸው?»

ረሒማ ወደ በሩ ሄዳ ውጭውን አየችና ገርበብ አደረገችው። «ባለፈው ሐምሌ አሞሌውን ጎርፉ ወሰደው» አለች። «ከብርቄ ደጃፍ፣ ከጭቃ ውስጥ አወጣሁት። ክሩ የለም። አጠብኩና መልሼ አስቀመጥኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አቦይ ወልደገሪማ መጡ። የትኛው ነው አሉኝ። ይህ ነው አልኳቸው።»

«አንቺ ሴት!» አለ ጀላሉ። «ታዲያ እኔ ያልኩት እኮ እውነት ነበር!»

«ነበር። እሱን ብለህ ነው ክፍሉን ልታሳጣን የነበረው» አለችና ከነጠላዋ ጥለት አንድ ክር መዝዛ በጥርሷ በጠሰች። ወደ አሞሌው ጎንበስ ብላ፣ ለእጇ በቀረበው ጫፍ ላይ ጠምጥማ አሰረችው። «ይህ የክርስቲያን ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ጀላሉ፤ ሳቅ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው።

ረሒማ አሞሌዎቿን መደርደር ጀመረች፤ የተሰበሩትን ከፊት፣ ደኅናዎቹን ከኋላ። ጀላሉ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ አፉ ደርቋል። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጎንበስ አለና በመቅመሻው አሞሌ ላይ ምላሱን ሊያወጣ ሲል ክሩን አየ። ቆም ብሎ አሰበ። ከዚያም ቀና አለ፣ ደረጃውን ዞረ፣ በወዲያኛው በኩል ተንበርክኮ ላሰ።